ድንኳን ትታችሁ በሃሞክ ለማደር፦ ማሰሪያው ይርገብ፣ ጀርባችሁ ይሙቅ

ሃሞክ (በሁለት ዛፎች መካከል ተሰቅሎ የሚተኛበት ጨርቅ) ሞክረው «ወገቤን ገደለኝ» ወይም «ሌሊቱን ሙሉ ስንቀጠቀጥ አደርኩ» ብለው ወደ ድንኳን የተመለሱ ሰዎችን በዝርዝር ብትጠይቋቸው፣ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ነገር አይዘልም። ወይ ጨርቁን እንደ ከበሮ ወጥረው ሰቅለውታል፣ ወይ ከሥራቸው የሚያሞቅ ነገር ሳያደርጉ ተኝተዋል። ሁለቱም በቀላሉ ይስተካከላሉ። ከተስተካከሉ ደግሞ፣ ዛፍ ባለበት አገር ቦርሳ አዝሎ ለሚጓዝ ሰው ከሃሞክ የሚሻል መኝታ አለ ብዬ አላምንም።

የምጽፈው በተለይ በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ኖራችሁ ቅዳሜና እሑድን ወደ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ወይም ወደ ጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ለምትወጡ ነው። ከጆርጂያ እስከ ሜይን 3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘልቀው አፓላቺያን ትሬይል ሸናንዶዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ያቋርጠዋል። ተራራው በደን የተሸፈነ ነው፤ መሬቱ ግን ተዳፋት፣ ድንጋይና ሥር የበዛበት ነው። ድንኳን የሚተከልበት ደልዳላ ቦታ ፍለጋ ሲመሽባችሁ፣ ሃሞክ የያዘ ሰው ሁለት ዛፍ መርጦ እራቱን እያበሰለ ነው።

ስለ ክብደት እውነቱን እንነጋገር። «ሃሞክ ቀላል ነው» የሚባለው ጨርቁ ብቻ ሲመዘን ነው። ጨርቁ 400 ግራም፣ ሁለቱ ማሰሪያዎች 200፣ የዝናብ ሸራ ከነገመዱና ከነካስማው 550፣ አጎበር 250፣ ከሥር የሚንጠለጠል ብርድ ልብስ 600 ግራም ቢሆን ድምሩ 2 ኪሎ ይደርሳል። ጥሩ የአንድ ሰው ድንኳን ከነፍራሹ ከዚህ እምብዛም አይለይም፤ እንዲያውም የሚቀል አለ። ስለዚህ ክብደት ለመቀነስ ብላችሁ አትግዙ። ሃሞክ የሚመረጠው ለእንቅልፍ ጥራት፣ መሬቱ ተዳፋትም ጭቃም ቢሆን ስለማያሳስብ፣ እና በዝናብ ጊዜ በደረቅ ቦታ ቆሞ ለመሥራት ስለሚመች ነው።

ጨርቁን ስትመርጡ መጀመሪያ ርዝመቱን ጠይቁ። ለመናፈሻ ተብለው የሚሸጡት ብዙዎቹ 2.7 ሜትር አካባቢ ናቸው፤ ለአንድ ሰዓት ጋደም ለማለት እንጂ ለአዳር አይሆኑም። ቁመቱ እስከ 1.80 ለሚደርስ ሰው 3.35 ሜትር ርዝመትና 1.5 ሜትር ስፋት ይስማማዋል። ለሁለት ሰው ተብሎ በሚሸጠው ሰፊ ጨርቅ አትታለሉ። ሁለት ሰው በአንድ ሃሞክ ተኝቶ አያድርም፤ ሁለቱም ወደ መሃል ይንከባለላሉ። ትርፉ ስፋትም ፊት ላይ እየወደቀ ያስቸግራል። ምቾት የሚሰጠው ርዝመት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ማሰሪያው ከዛፉ ወደ ሃሞኩ ሲወርድ ከአግድም መስመር ጋር 30 ዲግሪ ያህል መሥራት አለበት። ይህ ቁጥር ለምቾት ብቻ የተባለ አይደለም። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ30 ዲግሪ ሲሰቀል እያንዳንዱ ማሰሪያ የሚሸከመው 80 ኪሎ ነው። ወደ 15 ዲግሪ ከተወጠረ በእያንዳንዱ በኩል 155 ኪሎ፣ ወደ 10 ዲግሪ ከወረደ ደግሞ 230 ኪሎ ይሆናል። ሰውየው ያው ነው፤ ጭነቱ ግን ወደ ሦስት እጥፍ ተጠግቷል። ስፌት የሚተረተረው፣ ቀጭን ዛፍ ሲጎብጥ የሚታየው፣ ማሰሪያው ሌሊት ተስቦ መሬት የሚያስነካው በዚህ ምክንያት ነው። ለተኛው ሰውም አይመችም፤ የጨርቁ ጠርዞች ተወጥረው ትከሻውን ከግራና ከቀኝ ጨምቀው ይይዙታል።

30 ዲግሪን በዓይን ለመገመት፣ ማሰሪያው ወደ ጎን በሄደ በእያንዳንዱ 1 ሜትር 58 ሳንቲ ሜትር ይውረድ። ጫካ ውስጥ ስሌት አልሠራም ለምትሉ፣ በሁለት ዛፎች መካከል 4 ሜትር ካለ ማሰሪያውን 1.70 ሜትር ከፍታ ላይ እሰሩ። ርቀቱ በግማሽ ሜትር በጨመረ ቁጥር ከፍታውን 15 ሳንቲ ሜትር ጨምሩ፤ ማለትም በ4.5 ሜትር 1.85፣ በ5 ሜትር 2 ሜትር። ከ5.5 ሜትር በላይ የተራራቁ ዛፎች እጃችሁ ከሚደርስበት በላይ ማሰርን ይጠይቃሉ፤ ሌላ ጥንድ ፈልጉ። ከ3.5 ሜትር በታች ከሆነ ደግሞ ለሸራው ቦታ አይተርፍም። በተዳፋት ላይ ከፍታው የሚለካው ሃሞኩ መሃል ከሚያርፍበት መሬት እንጂ ከእያንዳንዱ ዛፍ ሥር አይደለም፤ ቁልቁል ያለው ዛፍ ላይ ማሰሪያው ከራሳችሁ በላይ ሊወጣ ይችላል፣ ትክክል ነው። ከተሰቀለ በኋላ ስትቀመጡበት ከመሬት 45 ሳንቲ ሜትር፣ እንደ ተራ ወንበር ቁመት ይሁን። ከዚያ በላይ መስቀል ምንም አይጨምርላችሁም፤ ብትወድቁ ግን ጉዳቱን ያከብደዋል።

ይህን ሁሉ ስሌት የሚያቀልል አንድ ገመድ አለ፤ ሪጅላይን ይሉታል። ከሃሞኩ አንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ከላይ የሚያያዝ፣ የማይለጠጥ ቀጭን ገመድ ነው። ርዝመቱ የጨርቁን 83 በመቶ ይሁን፤ ለ3.35 ሜትር ጨርቅ 2.78 ሜትር። ዛፎቹ ቢቀራረቡም ቢራራቁም ጨርቁ በየሌሊቱ አንድ ዓይነት ርግበት ይኖረዋል። ስትተኙ ገመዱን በሁለት ጣት ቆንጥጡት፤ ትንሽ እሺ ብሎ የሚታጠፍ ከሆነ ልክ ነው። እንደ ክራር ጅማት ከጮኸ ማሰሪያውን አርግቡ። የእጅ ባትሪ፣ መነጽርና የአጎበሩ ጫፍ የሚንጠለጠሉትም እዚሁ ላይ ነው።

አተኛኘቱን ማንም ስለማይነግር ብዙ ሰው እንደ ሙዝ ጎብጦ ያድራል። በጨርቁ መሃል መስመር ቀጥ ብላችሁ አትተኙ። ጭንቅላታችሁን ከመሃል ወደ ግራ፣ እግራችሁን ወደ ቀኝ 25 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር አውጡና ሰያፍ ሆናችሁ ተኙ፤ ተቃራኒውም ለተመቸው ይሆናል። ያኔ ጨርቁ ከሥራችሁ ይዘረጋና ጀርባችሁ ሊዘረጋ ትንሽ ይቀረዋል። በጎን መተኛትም ይቻላል። ይህ የሚሠራው ግን ጨርቁ ሲረግብ ነው፤ የተወጠረ ሃሞክ ላይ ሰያፍ ለመተኛት ብትሞክሩ መልሶ ወደ መሃል ይገፋችኋል። የግርጌውን ማሰሪያ ከራስጌው 15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት፤ አለዚያ ሌሊት ቀስ በቀስ ወደ ግርጌ ትንሸራተታላችሁ። ባታችሁ ሥር ጠንካራ የጨርቅ ሸንተረር ከተሰማችሁ ሰያፉን ጨምሩ፤ ካልጠፋ የታጠፈ ሹራብ ከጉልበታችሁ ሥር አድርጉ።

ወደ ብርዱ ስንመጣ፣ ድንኳን የለመደ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ውድ የመኝታ ከረጢት ይይዝና «ይበቃኛል» ይላል። ከረጢት የሚያሞቀው በላባው ወይም በሙሌቱ መካከል በያዘው አየር ነው። በሃሞክ ውስጥ ከሥራችሁ ያለው ሙሌት በክብደታችሁ ተጨፍልቆ እንደ አንሶላ ይሳሳል፤ ከሱ በታች ያለው ቀጭን ናይለን ብቻ ነው፣ ከዚያ በታች ደግሞ ነፋስ። መሬት ቢያንስ ነፋስ አያሳልፍም። ለዚህ ነው በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሌሊት እንኳ፣ ከላይ ላብ እያላባችሁ፣ ጀርባችሁና መቀመጫችሁ የሚቀዘቅዘው። ሸናንዶዋ ባለበት በብሉ ሪጅ ተራሮች ሸንተረሮች ላይ በመስከረምና በግንቦት ሌሊቱ ከዚያ በብዙ ዝቅ ይላል። ስለዚህ የሥር ሙቀት በሐምሌም ይያዝ።

ርካሹ መንገድ መሬት ላይ የሚነጠፈውን ስፖንጅ ሃሞኩ ውስጥ ማስገባት ነው። የማይነፋው፣ 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረትና 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዓይነት ይሠራል፤ ችግሩ ትከሻ ከጠርዙ ውጭ ይቀራል፣ ሌሊትም ይንሸራተታል። በትከሻ በኩል አግድም የሚገባ ተጨማሪ ቁራጭ ብትይዙ መጀመሪያውን ታቃልላላችሁ፤ ለሁለተኛው ድርብ ጨርቅ ያለው ሃሞክ ተመራጭ ነው፣ ስፖንጁ በሁለቱ መካከል ተይዞ ይቀመጣል። የሚነፋ ፍራሽ ከሆነ ያላችሁ፣ ግማሽ ያህል ብቻ ንፉት፤ ሙሉ ሲነፋ እንደ ሳንቃ ሆኖ ከሥራችሁ ይፈነጠራል።

የተሻለው የሥር ብርድ ልብስ ነው፤ ከሃሞኩ ውጭ፣ ከታች፣ በላስቲክ ገመድ ይንጠለጠላል። ሰውነታችሁ ስለማይጨፈልቀው አየሩን እንደያዘ ያድራል። ዋጋው ከጨርቁ ሊበልጥ ይችላል፣ ገንዘባችሁንም እዚህ ላይ ብታውሉት እመክራለሁ። አሰቃቀሉ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከረገበ በጨርቁና በብርድ ልብሱ መካከል ክፍተት ይፈጠርና ነፋስ እንደ ቧንቧ ያልፍበታል። ከተወጠረ ደግሞ ራሱ ይጨፈለቃል። ውስጥ ገብታችሁ ተኙና እጃችሁን በጨርቁ ጠርዝ በኩል አውጥታችሁ ከወገባችሁ ሥር ዳስሱ፤ ብርድ ልብሱ ጀርባችሁን ሳይጫን ነክቶ መቀመጥ አለበት። ጓደኛ ካለ ከታች ያያችሁ። ከዚያ ሁለቱን የጫፍ ክሮች ሳቡ፤ ራስጌና ግርጌ ጋ ያለው አፍ ካልተዘጋ የሞቀው አየር በዚያ ይወጣል። ወገባችሁ ሞቆ ትከሻችሁ ከበረደ ወደ ራስጌ ሳቡት፣ አብዛኛውን ጊዜ በቂ ነው። የላባ ከሆነ ዝናብ እንዳይነካው ተጠንቀቁ፤ የረጠበ ላባ አያሞቅም።

ማሰሪያው ጠፍጣፋ፣ ቢያንስ 2.5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ከፖሊስተር የተሠራ ይሁን። ናይለን ሲረጥብና ሲጫን ይለጠጣል፤ ወንበር ቁመት ላይ ተቀምጣችሁ ንጋት ላይ መሬት ትዳብሳላችሁ። ቀጭን ገመድ በቀጥታ ዛፍ ላይ በጭራሽ አትሰሩ፤ ልጡን ቆርጦ ይገባል፣ ከልጡ ሥር ደግሞ ዛፉ ምግቡን የሚያመላልስበት ሕያው ክፍል አለ። ጠፍጣፋ ማሰሪያን የሚያስገድዱ፣ ሃሞክን ጨርሶ የሚከለክሉም መናፈሻዎች ስላሉ ከመሄዳችሁ በፊት ደንባቸውን እዩ። ቀለበት ቀለበት ተብሎ የተሰፋው ማሰሪያ ለጀማሪ ቀላል ነው፤ ካራቢነሩን፣ ማለትም ተከፍቶ የሚዘጋውን የብረት መንጠቆ፣ ወደሚቀጥለው ቀለበት ማዛወር ብቻ ነው። በዘለበት የሚሳበው ዓይነት ክብደቱ ይቀንሳል፣ በሳንቲ ሜትርም ይስተካከላል። ከዘለበቱ ኋላ አንድ ሸምቀቆ ጨምሩበት፤ በረዶና ዝናብ ባለበት ማሰሪያው በዘለበቱ ውስጥ ሊንሸራተት ይችላል። የቁልፍ መያዣ የሚመስሉትን ካራቢነሮች አርቋቸው። የሚያስፈልገው የሚሸከመው ኃይል ጎኑ ላይ የተጻፈበት ነው፤ 12 ኪሎ ኒውተን (የ1,200 ኪሎ ክብደት ያህል) ከበቂ በላይ ነው።

ዛፍ ስትመርጡ መጀመሪያ ወደ ላይ እዩ። ሃሞክ ላይ ከሚደርሱ አደጋዎች የከፉት የሚመጡት ከዛፍ እንጂ ከጨርቅ አይደለም፦ የሞተ ዛፍ በሰው ክብደት ተስቦ በተኛው ላይ ይወድቃል፣ ወይ የደረቀ ቅርንጫፍ ነፋስ ይጥለዋል። በሸናንዶዋ ይህ ተራ ስጋት አይደለም። በ2002 በሚሺጋን የተገኘው አረንጓዴ ጥንዚዛ የአሽ ዛፎችን በምሥራቅ አሜሪካ እየጨረሰ ነው፣ የሄምሎክ ዛፎችንም ሌላ ጥቃቅን ተባይ በብዛት ገድሏቸዋል። ቆመው ያሉ የሚመስሉ፣ ውስጣቸው የበሰበሰ ብዙ ናቸው። ልጡ በሰፊው የተላጠ፣ በበጋ ቅጠል የሌለው፣ ከሥሩ እንጉዳይ ያበቀለ፣ ሲመቱት ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ዛፍ ላይ አትሰቀሉ፤ እንዲህ ያለ ዛፍ ሊወድቅ በሚችልበት ርቀትም አትተኙ። ግንዱ ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ሕያው ኦክ ወይም ሜፕል ጥሩ ነው። ግንዱን በሙሉ ኃይላችሁ ግፉት፤ ጫፉ ከተወዛወዘ ተዉት። ሌላም አለ፦ ግንድ ላይ ጠጉር ያበቀለ ገመድ የሚመስል ሐረግ ካያችሁ ፖይዝን አይቪ ነው። ቅጠል በሌለበት በክረምትም ቆዳ ያቃጥላል። ማሰሪያችሁን በሱ ላይ ካሰራችሁ ዘይቱ ወደ እጃችሁ፣ ከእጃችሁ ወደ ፊታችሁ ይሄዳል።

ሸራው ከሃሞኩ በሁለቱም ጫፍ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይትረፍ፤ ለ2.78 ሜትር ሪጅላይን 3.35 ሜትር ርዝመት ያለው ሸራ ይስማማል። በራሱ ገመድ፣ ከሃሞኩ ማሰሪያ ከፍ ብሎ ይታሰር፤ ስትተኙ ሃሞኩ ዝቅ ስለሚል ሸራውን ከሪጅላይኑ 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ማድረግ ይበቃል። ከፍ ብሎ የተሰቀለ ሸራ ለፎቶ ያምራል እንጂ ነፋስ ያመጣውን ዝናብ አያቆምም። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለውን ጎን እስከ መሬት ጥግ አውርዱት፣ ነፋሱም ጎኑን እንጂ ክፍቱን ጫፍ እንዳያገኝ ዛፎቹን ስትመርጡ አስቡበት። አራት ካስማ ይበቃል፤ ካስማ የማይገባበት ድንጋያማ ቦታ ላይ ገመዱን ከድንጋይ ወይም ከሥር ጋር እሰሩት።

ደረቅ ሸራ ሥር ሆነው ረጥበው የሚነሱ ሰዎች ውኃው ከየት እንደመጣ ይገርማቸዋል። የመጣው በማሰሪያው ነው። ዝናብ በግንዱ ወርዶ ማሰሪያውን ያገኝና በሱ ላይ ተንሸራቶ ጨርቁ ውስጥ ይገባል። ከሸራው ጠርዝ በታች፣ ሃሞኩ ከመጀመሩ በፊት፣ 10 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የጥጥ ክር ወይም የጫማ ማሰሪያ ቁራጭ በእያንዳንዱ ማሰሪያ ላይ አንጠልጥሉ፤ ውኃው በሱ ተከትሎ መሬት ይንጠባጠባል። የሥር ብርድ ልብሱ ገመድም ወደ ውጭ የሚወጣ ከሆነ እንዲሁ አድርጉለት።

ስለ ወባ ትንኝና መሰል ነፍሳት፣ አጎበሩ ሃሞኩን ዙሪያውን የሚያቅፍ ይሁን። በበጋ የሥር ብርድ ልብስ ሳይኖር በነጠላ ጨርቅ ከተኛችሁ ትንኞች ከታች በጨርቁ ውስጥ ይነክሷችኋል። ከላይ ብቻ የተሰፋ አጎበር ካላችሁ የጨርቁን የውጭ ገጽ ፐርሜትሪን የተባለውን የነፍሳት መድኃኒት ርጩና ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ተጠቀሙ። መዥገር ግን የሚይዛችሁ ስትራመዱ ነው፤ ከመግባታችሁ በፊት እግራችሁንና ብብታችሁን ፈትሹ።

ጥቁር ድብ ባለበት አገር ምግብ፣ ማስቲካ፣ የጥርስ ሳሙና ሃሞክ ውስጥ ይዞ መግባት የለም። በሸናንዶዋ ደን ውስጥ ለማደር ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው፤ ምግብም በድብ መከላከያ ዕቃ ውስጥ ካልሆነ ከመሬት 3 ሜትር፣ ከግንዱም 1.2 ሜትር ርቆ መሰቀል አለበት። ከመኝታችሁ አርቃችሁ ስቀሉት።

ለሁሉም ሰው አይሆንም። በሆዱ ካልተኛ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ድንኳኑን ይያዝ። ሁነኛ ዛፍ በሌለበት ከፍታም አይሠራም፤ አገር ቤት ሄዳችሁ ሰሜን ተራሮች ላይ ግጭ ወይም ጨነቅ ልታድሩ ካሰባችሁ ሃሞኩን ቤት ተዉት። እዚያ በብዛት የቆመው ጅብራ ነው፣ ግንዱ ክብደት አይችልም፣ ተክሉም ሊነካ የማይገባው የአገራችን ብርቅ ነው። ባህር ዛፍ ሥር ማደርንም አልመክርም፤ ቅርንጫፉን ድንገት ይጥላል። እንደ መናገሻ ሱባ ባለ ደን፣ ከተፈቀደ፣ የቆየ ጥድና ዝግባ ግሩም ነው።

ጫካ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ሌሊት ግቢ ውስጥ፣ ግቢ ከሌላችሁ ሃሞክ በሚፈቀድበት መናፈሻ ለሁለት ሰዓት ያህል ሞክሩት። የማሰሪያው ቁመትና የብርድ ልብሱ ቦታ ልክ የሆነበትን ቀለበት በቀለም ምልክት አድርጉበት። ጫካ ስትደርሱ ዝናብ ከጀመረ ሸራው ይቅደም፤ ሌላው ዕቃ ሁሉ ከሱ ሥር በደረቁ ይወጣል። ጠዋት ስትነሱም ብርድ ልብሱን፣ አጎበሩንና ጨርቁን ሸራው ሥር ቆማችሁ አጣጥፉ፣ ቦርሳውን ዝጉ፣ ከዚያ እርጥቡን ሸራ አራግፋችሁ በቦርሳው የውጭ ኪስ ውስጥ ለብቻው ክተቱት።